በአንድ ኢሜይል አርባ ሦስት ሰው

አዳማ ውስጥ አንድ የገበያ መደብ የሚያድል ጽሕፈት ቤት አርባ ሁለት ሽንኩርት ሻጭ ሴቶችን በድረ ገጹ መዝግቦ፣ እያንዳንዳቸውን በስማቸው አመስግኖ፣ ከዚያም ደምስሷቸዋል። ይህ የተፈጸመው በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት፣ ምስክር ባለበት ነው። ምስክሯ የሺዓለም ናት።

የሺዓለም በአሮጌው ገበያ ጥግ፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ የሚያስነጥሰው ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የጽሕፈት አገልግሎት ስትሰጥ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰፈሩ መንግሥትን የሚያናግረው በእሷ ጣቶች ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም፣ የፍቺ አቤቱታውም፣ የደረቅ ወደብ የሥራ ማመልከቻውም በእጇ ያልፋል። ቅጹ «ኢሜይል» ብሎ ቀይ ኮከብ ባስቀመጠበት ሁሉ የራሷን ትሞላለች፤ ደንበኞቿ የላቸውምና። መልስ ሲመጣ ደውላ ትጠራቸዋለች። በዚያ መስመር ያሉት የጽሕፈት አገልግሎት ሱቆች ሁሉ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው በከተማው ቢኖር ቅጹን ያዘጋጀው ሊቅ ብቻ ነው።

የአዲሱ ገበያ ምዝገባ ሲከፈት አስቀድማ ያስገባችው እትዬ አረጋሽን ነበር። እትዬ አረጋሽ ከዓለም ጤና ከተማ የሚመጣውን ሽንኩርት አሥራ አንድ ዓመት መሬት ላይ ዘርግተው የሸጡ፣ ሲነሡ ጉልበታቸው የሚንቋቋ ሴት ናቸው። የሚፈልጉት ጣሪያ ያለው ሁለት ሜትር መደብ ነው።

«የሺ፣ አሳምረሽ ጻፊው። ከፀሐይዋ ጋር የምፋታበት ወረቀት ነው» አሏት።

ገጹ «ወይዘሮ አረጋሽ፣ ምዝገባዎ ተሳክቷል፤ እናመሰግናለን» አለ። የምዝገባ ቁጥር ግን አልሰጠም። የሺዓለም ምስጋናውን አትማ ሰጠቻቸው። በሦስት ቀን ውስጥ አርባ አንድ ሴቶች ተከተሉ፤ ሁሉም ተሳካላቸው፣ ሁሉም ተመሰገኑ። በመጨረሻ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ ማናሴ ገባ፤ ቀኑን በኳስ ውርርድ ቤት የሚያሳልፍ፣ ሽንኩርትን በወጥ ውስጥ ብቻ የሚያውቅ ጎልማሳ ነው።

«ምንድን ነው ሰዉ ሁሉ የሚሞላው? እስቲ እኔንም ጣል አርጊኝ» አላት። ጣል አደረገችው።

መደብ የደረሳቸው ሰዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ከአርባ ሦስቱ የተገኘው ማናሴ ብቻ ነበር። የሺዓለም አርባ ሁለቱን የምስጋና ወረቀት ከሴቶቹ ሰብስባ ታቅፋ፣ እትዬ አረጋሽን አስከትላ፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሲስተም ባለሙያ ወደ መሳይ ሄደች።

«አርባ ሦስት ጊዜ የተመዘገብሽው አንቺ ነሽ?» አላት ሻዩን እያማሰለ።

«ያስመዘገብኩት አርባ ሦስት ሰው ነው።»

«ሲስተሙ በአንድ ኢሜይል የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። አዲስ ሲመጣ የድሮው ላይ ይጽፍበታል።»

«ታዲያ ምነው አልከለከለኝ? ሁሌም ተሳክቷል ነው ያለኝ።»

«ተሳክቷላ። የመጨረሻው ገብቷል።»

እትዬ አረጋሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ስማኝ የኔ ልጅ፤ እኛ አንዱን ጆንያ ሌላው ላይ ስንጭን የታችኛው አይጠፋም። ይኼ ሲስተምህ ሽንኩርት ተሸክሞ አያውቅም መሰለኝ።»

መሳይ ሳቀ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጽሕፈት ቤቱ ለጉዳዩ የሰጠው ብቸኛ ምላሽ ይህ ሳቅ ነበር። ማሽኑ «ይህ ኢሜይል ተይዟል» ለማለት አንድ መስመር ይበቃው ነበር፤ ያንን አንድ መስመር የሚጽፍለት ሰው አልተገኘም። ምስጋናውን የሚጽፍ ግን ተገኝቷል።

«ቅሬታ ካላችሁ በድረ ገጹ ቅጽ አለ» አለ መሳይ። «ደግሞ በአንድ ኢሜይል እንዳታደርጊው።»

የሺዓለም ሱቋን ዘግታ አንድ ሳምንት ሙሉ ለአርባ ሁለት ሴቶች አርባ ሁለት ኢሜይል ስትከፍት ሰነበተች፤ ስልክ የሌላቸውን በጎረቤት ስልክ። አርባ ሁለት ቅሬታ ላከች። ገጹ አርባ ሁለት ጊዜ «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» አለ።

ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፏል። ማናሴ መደቡ ላይ ጆተኒ አስገብቶበታል። እትዬ አረጋሽ ሽንኩርታቸውን የሚዘረጉት ዛሬም መሬት ላይ ነው። ለአርባ ሁለቱ ቅሬታዎች አንድም መልስ አልመጣም።