የመጨረሻው ፌርማታ ጸጥታ

ጥር 19 ቀን፣ ሐሙስ። በአዲሱ ቤት የልጆች መኝታ ክፍል ውስጥ አንድ ተደራራቢ አልጋ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር። የታችኛው ተገጣጥሟል። የላይኛው ርብራብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጠዋል። አልጋውን ሊጨርስ የነበረው ሰው በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የአውቶቡሱ መሪ ላይ እንደተደፋ ሞተ።

ሾፌር ነበር። አገሩ ሳለም ሾፌር ነበር፤ በሰው አገርም መሪ ከመጨበጥ ሌላ ሥራ አልሞከረም። ባልደረቦቹ “አባ መስታወት” ይሉታል። ሌላው ሾፌር ፊት ለፊት መንገዱን ሲያይ እሱ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን የውስጥ መስታወት ያያል እያሉ ያሙት ነበር። ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። በዚያ መስታወት እያየ ለቤተሰቡ የሚኖሩበትን ሠፈር ይመርጥ ነበር።

ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ሊመጡለት ነው። የት ይኑሩ? ልጆቹስ የት ይማሩ? ሌላው ሰው ዘመድ ያማክራል፣ ደላላ ይይዛል። የእሱ መስመር ግን ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ስለነበር፣ በመውጫ ሰዓት ከየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተማሪ ይጭናል። “ዳይሬክተሩን ጠይቀህ ምን ልትሰማ ነው? ተማሪው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ እየው፤ ሁሉም ነገር እዚያ አለ” ይል ነበር።

ከገበያው ፌርማታ የሚሳፈሩት ይገፈታተራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ቦርሳ ይወራወራሉ። አንዴ አንዱ የወረወረው ብርቱካን መጥቶ የመስታወቱን ጠርዝ መታበት። በመጨረሻው ፌርማታ ግን ተማሪዎቹ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ጫማ ጫማቸውን እያዩ ይቀመጣሉ። ኮሽታ የለም። ከሁሉም በኋላ የሚወጣው በአንድ እጁ ብቻ የቆዳ ጓንቲ የሚያጠልቅ ረጅም ልጅ ነው። በሩን ይዞ ሌሎቹን ያሳልፍና “እንደምን ዋሉ ጋሼ?” ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። የሾፌሩን አንጀት አራሰው። ልጅ ማለት እንዲህ ነው አለ።

“ገበያው አጠገብ ይሁን” አለችው ሚስቱ በስልክ። “የአክስቴ ልጅ እዚያ አለች። ብታመም እንኳ ውሃ የሚያቀብለኝ አላጣም።”

“የአክስትሽን ልጅ በእረፍት ቀን ሄደን እንጠይቃታለን። የዚያ ሠፈር ልጆች አውሬ ናቸው እኮ!”

“ልጅ ከሆነ ይጮሃላ! አንተ የምትፈልገው ትምህርት ቤት ነው ወይስ መቃብር?”

“ሴትዮ፣ በዓይኔ አይቻለሁ ነው የምልሽ።”

“በመስታወት” አለችው። ከዚያም “እሺ፣ ካየኸው እንግዲህ” ብላ ተወችው።

ከመጨረሻው ፌርማታ ሁለት ፌርማታ ወረድ ብሎ ቤት ተከራየ። ቤተሰቡ ሲመጣ እሱ ወደ ንጋት ፈረቃ ተዛወረ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤት ሆኖ ሊቀበላቸው ነው። ትልቁ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲሆን በቤት ስሙ “ሽማግሌው” ነው፤ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እናትና አባቱ ሲጋጩም መሃል ገብቶ ያስታርቃል። ታናሿ ሚጢጢ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ወሬ ቀነሰ። አንድ ቀን ጆሮው አብጦ መጣ። “ኳስ መታኝ” አለ። ሌላ ቀን የሁለት ጣቶቹ ጥፍር ጠቁሮ መጣ። “በር ነው።”

“ይሄ ኳስና ይሄ በር ከዚያ ሁሉ ልጅ አንተን ብቻ ነው እንዴ የሚያውቁት?” አለች እናቱ።

“ተይው፣ አገሩን እስኪለምድ ነው” አለ አባትየው።

ከዚያ የልጁን ሸሚዝ ልታጥብ ስትል ኮሌታው ላይ የደረቀ ደም አገኘች። አንገቱን ጎንበስ አድርጋ አየችው። ከፀጉሩ ሥር ሲጋራ የተተረኮሰባቸው ክብ ክብ ቁስሎች ነበሩ፤ አንዳንዱ ሽሯል፣ አንዳንዱ ገና እርጥብ ነው። ባሏን ጠርታ አሳየችው።

በማግስቱ ሾፌሩ ከባልደረባው ጋር ፈረቃ ተለዋውጦ በመውጫ ሰዓት መጨረሻው ፌርማታ ደረሰ። ልጆቹ ተሰልፈው ወጡ። የገዛ ልጁ አባቱን እንደማያውቅ ሆኖ አጠገቡ አለፈ። ባለ ጓንቲው በሩን ይዞ ሁሉን ካሳለፈ በኋላ “እንደምን ዋሉ ጋሼ?” አለ።

አውቶቡሱ ጥቂት እንደሄደ ጓንቲ ያጠለቀው እጅ ከኋላ መጥቶ የሽማግሌውን ፀጉር ጨበጠ። ፊቱን ከፊት ለፊቱ ካለው የብረት መያዣ ጋር አጋጨው። ደገመው። በሦስተኛው ብረቱ ላይ ደም ታየ። ዞር ብሎ ያየ ልጅ የለም። የተመታውም አልጮኸም። ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሾፌሩ ወራት ሙሉ በመስታወቱ እያየ ጨዋነት ነው ያለው ይህንን ነበር። ፈርተው ነው ዝም የሚሉት።

ፍሬኑን ረገጠ። ከወንበሩ እንዴት እንደተነሳ ኋላ ሲጠየቅ አላስታወሰም። ባለ ጓንቲውን በኮሌታው እየጎተተ እስከ በሩ ደረጃ አመጣውና በቡጢ ፊቱን መታው። አፍንጫው ከጣቶቹ ሥር ሲሰበር ተሰማው። የልጁ ጓደኛ ክንዱን ነከሰው፤ በክርኑ ሲመልስለት ጥርስ ወለሉ ላይ ወደቀ። ባለ ጓንቲው ደረጃው ላይ ተዘርሮ፣ ደም እየተፋ ሳቀ።

“ቤትህን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።”

ረገጠው። ጎድኑን፣ ሆዱን፣ ፊቱን የሸፈነበትን እጁን ረገጠው። ልጁ መሳቁን ካቆመም በኋላ መርገጡን አላቆመም። ሽማግሌው ከኋላው መጥቶ ወገቡን አቀፈው።

“አባዬ በቃ! ትገድለዋለህ! አባዬ!”

ሾፌሩ እያለከለከ ቀና ሲል ተማሪዎቹ አሁንም ጫማቸውን ያያሉ። አሁን የፈሩት እሱን ነበር።

ፖሊስ የሁለቱንም ወገን ቃል ተቀብሎ ለቀቃቸው። መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ከመስመሩ አነሳው። በሳምንቱ፣ ራት ሲበሉ፣ የሳሎኑ መስኮት በድንጋይ ወደ ውስጥ ረገፈ። ስብርባሪው የወደቀው ሚጢጢ ላይ ነው። እናትየዋ ልጅቷን መታጠቢያ ቤት ወስዳ ከራስ ቅሏ ላይ የመስታወት ስባሪ በወረንጦ ስትለቅም፣ ባሏ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

“እንሂድ” አላት።

“ወዴት?”

“ወደ አውሬዎቹ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረባት። “አርፈሽ ቁሚ” አለቻት ሚጢጢን፤ ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም ነበር።

የአክስቷ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ገበያው አጠገብ ጠባብ ቤት አገኘችላቸው። ከሥር የብረት ሥራ ቤት፣ ከጎን የኳስ ሜዳ አለ፤ ጩኸቱ ግድግዳ ይሰነጥቃል። እሑድ ገቡ። ልጆቹ ረቡዕ ትምህርት ጀመሩ። ሽማግሌው ሲመለስ አባቱ አልጋውን እየገጣጠመ ነበር፤ ብሎን በጥርሱ እንደያዘ ዞር ብሎ አየው።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። “ኮፍያዬን ወረወሩብኝ።”

አባትየው ብሎኑን ከአፉ አወጣ። “እነማን?”

“ሁሉም። እኔም የእነሱን ወረወርኩ። አፍንጫዬን አይተው ‘ቦክሰኛው’ ብለው ስም አወጡልኝ።” ፊቱ ገና ያበጠ ስለሆነ ፈገግታው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። “ነገ በረኛ ሁን ብለውኛል።”

“ሁንላቸው” አለ አባትየው። የቀረውን አልጋ ለነገ አሳደረው።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ፌርማታ መስመር ሾፌር ታሞ ቀረ። ስምሪት ክፍሉ ሰው ሲፈልግ እሱ እጁን አወጣ፤ ለዚያ ቀን ብቻ ተብሎ ተፈቀደለት። ቀዩ የሚሉት ባልደረባው ክንዱን ያዘው።

“አብደሃል እንዴ? አንተ ተቀመጥ፣ እኔ እሄድልሃለሁ።”

“የድሮውን ቤት ቁልፍ አላስረከብኩም። አከራይዋ ከእጅህ ካልሆነ አልቀበልም ብላለች። ደርሼ መመለሴ ነው።”

በሁለተኛው ዙር፣ ተማሪዎቹን ጭኖ ከመጨረሻው ፌርማታ ሲወጣ፣ ከእግረኛ ድልድዩ ላይ ብሎኬት ተወረወረ። የፊት መስታወቱን በስቶ ገብቶ አገጩንና ደረቱን መታው። መንጋጋው ተሰብሮ፣ ደረቱ ገብቶ፣ ፍሬን ያዘ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ በሮቹን ከፈተ። ከዚያ መሪው ላይ ተደፋ። ሰው መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ ክላክሱ ሳያቋርጥ ይጮህ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንድም የሞተ የለም።

ድልድዩ ላይ ማን እንደነበረ መጀመሪያ የተናገረችው ያቺ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ የነበረችው ልጅ ናት። የባለ ጓንቲውን ስም ከነአባቱ ጠራች። እሷ ስትናገር ሌላው ጀመረ፣ ከዚያ ሌላው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ይጮሁ ጀመር። መርማሪው “ተራ በተራ! ተራ በተራ!” እያለ ጠረጴዛ ቢደበድብም የሚሰማው አላገኘም።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ አውቶቡሱን በድሮው ቤት ፌርማታ አቁሞ ወደ ቤቱ ወጥቶ ነበር። አከራይዋ አሮጊት በሩን አስከፍታ የተሰበረው መስኮት መጠገኑን አየች፤ ግድግዳውንም ዳሰሰች።

“ምን አጣችሁበት ግን? እንደዚህ ጸጥ ያለ ሠፈር ከየት ይገኛል?”

“ጸጥታው ነው ያስወጣን፣ እትዬ።”

አልገባትም፤ እሱም አላብራራላትም። የውጩን በር፣ የቤቱንና የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍ በመዳፏ አስቀመጠላት። ሴትየዋ ሦስቱንም እየከፈተች እየዘጋች ሞከረች። የፖስታ ሳጥኑ ትንሽ አስቸገራት፤ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ እንዴት እንደሚዞር አሳያት። ከፈተችው። ባዶ ነበር። “ደኅና ይዋሉ” አላትና፣ ሰው እየጠበቀው ስለነበር፣ ደረጃውን በፍጥነት ወረደ።