አባባ እና የዘሃራ ሁለት ረከዓ

እህቴ ዘሃራ ዛሬ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ በአባታችን ቤት ሁለት ረከዓ ብቻ ሰግዳ አሰላመተችና ጨረሰች። አባባ መስገጃው ላይ እንደተቀመጠ ዞሮ አያት።

ዘሃራ የምትኖረው ጂዳ ነው። እዚህ ሐይቅ ከተማ የገባችው ትናንት ማታ ነው። ሙሳፊር፣ ማለትም መንገደኛ፣ ደግሞ የሶላቱን አራት ዙር (ረከዓ) ወደ ሁለት ማሳጠር ይፈቀድለታል።

«ስንት ሰዓት በረርሽ?» አላት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«እኔ ውጫሌ ገበያ ደርሼ ስመለስ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል። አንድም ቀን አሳጥሬ አላውቅም።»

«አባባ፣ የሚታየው ርቀቱ ነው እኮ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው የመጣሁት።»

(ከአዲስ አበባ ሐይቅ በአውቶብስ የፈጀባትን ሙሉ ቀን ሁለቱም አላነሱትም።)

አባባ የሙስበሃ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። «ርቀቱስ ይሁን። እዚህ ቤት የተወለደች ልጅ እዚሁ ቤት ሙሳፊር ናት ወይ?»

ዘሃራ መስገጃዋን አጠፈች። እኔ ደግሞ ልፈርድ ሸይኽ አይደለሁ።

ከሰዓት በኋላ በአስር ሶላት ላይ አየኋት። አራቱንም ሰገደች።

የመመለሻ ትኬቷ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለአባባ ገና አልነገረችውም።

እናንተ ከሩቅ የምትመጡ፣ የወላጆቻችሁ ቤት ስትገቡ ስንት ትሰግዳላችሁ?