ከጂፗ ፊት የሚመጣው ድምፅ

ከሐርቡ በላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ለብቻው የቆመበት ኮረብታ አለ። በካርታ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እኛ «ባለ ዋርካው» እንለው ነበር። ልጆች፣ ጦርነቱን ንገረን ስትሉኝ ስለ ተኩስ የምትጠብቁ ይመስለኛል። እኔ አብዛኛውን ተኩስ የሰማሁት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ጂፕ ነው።

በወጣትነቴ ጦር ሠራዊት ውስጥ መኪና ጠጋኝ ነበርሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ መፍቻ ነው። በጡረታዬ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ጋራዥ ይዤ ስኖር በዚያ የጦርነት ዓመት ግንባሩ ወደ ቀያችን ተጠጋ። ያኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጠጋኝ ጠፋ ተባለና ተጠራሁ። መፍቻዎቼን በከረጢት አድርጌ ሄድሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሻምበላችን ከኮረብታው ግርጌ ሰበሰበን።

«ባለ ዋርካውን ይዘን እንቆያለን። ቁስለኛ የሚወርደው በዚህች ጂፕ ነው፤ ሌላው መኪና ያንን ድንጋይ አይወጣውም። ጋሽ ይመር፣ እሷን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

ሾፌሯ እንድሪስ ይባላል፤ የገራዶ ሰው፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀልድ የማይለየው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወረደ። በሦስተኛው ሲመለስ ሰማኋት። ፊተኛው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ «ቋ» ትላለች። መሪው ሲዞርም እንደዚያው «ቋ»። አንድ ጊዜ፣ ደረቅ ያለ ድምፅ።

«እንድሪስ፣ ይህ ከፊት የሚያንኳኳው ምንድን ነው?»

«ወላሂ ጋሼ፣ እዚህ አገር የማያንኳኳ ነገር ካገኙ ለእኔም ያሳዩኝ» አለና በአገጩ ወደ ኮረብታው አመለከተ። መድፉ ያንኳኳ ነበር።

ከፊት እግር የሚመጣ ድምፅ ያሳስታል። ብረት ድምፅን ይዞ ይሄዳል፤ በቀኝ የላላው በግራ ይጮሃል። መጀመሪያ ንዝረት የሚያበርዱትን አሞርዛተሮች አየሁ። ጎሚኒያቸው፣ ላስቲኩ፣ አልቋል፤ ከተመታ መኪና ነቅዬ ቀየርሁ። አገኘሁት ብዬ እጄን ታጠብሁ። እንድሪስ ወጥቶ ተመለሰ። «ቋ»።

በሁለተኛው ቀን ከማለዳው ጀምሮ፣ በሁለት ጉዞ መካከል በተገኘችው ጊዜ ሁሉ፣ በክሪክ እያነሳሁ ፈተሽኋት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅሁ፤ ኩሽኔታው ደህና ነው። ከግራና ከቀኝ ይዤ ነቀነቅሁ፤ የመሪው ዘንግ ጫፎች ጥብቅ ናቸው። የባሌስትራውን ቡሎኖች አንድ በአንድ በመዶሻ ነካሁ፤ ሁሉም ጥሩ ድምፅ ሰጡኝ። አምስት ጊዜ ከሥሯ ገብቼ አምስት ጊዜ ባዶ እጄን ወጣሁ። እኔ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን መፍቻዬን ወረወርሁት፤ ቁልቋል ውስጥ ገባ። ሌላ አሥራ ሰባት ቁጥር ስላልነበረኝ ተንበርክኬ እሾህ እየወጋኝ ፈለግሁት።

«ጋሼ፣ ቁልቋሉ ምን አደረገዎት?» አለ እንድሪስ። «ድምፁ እኮ እርስዎ ጆሮ ውስጥ ነው። እኔ አልሰማውም።»

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሁለት ቁስለኛ ጭኖ ወረደ። ቁስለኞቹን ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው መኪና አሳፈርን። እንድሪስ ከጂፗ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀልድ የለም።

«መሪው ዘለለብኝ» አለኝ። «ወደ ግራ ይዤዋለሁ፤ እሷ ለአፍታ አልታዘዘችኝም። ገደሉ ይህን ያህል ነው የቀረኝ።» ክንዱን ዘረጋልኝ።

ጂፗን አቆምኋት። ሻምበሉ መጣ።

«ለምን ቆመች?»

«የፊቷ ድምፅ አልተገኘም፤ መሪዋ አይታመንም ጌታዬ።»

«መቼ ትነሳለች?»

«አላውቅም።»

«ጋሽ ይመር፣ አላውቅም የሚባል ሰዓት የለኝም» አለ። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ባለ ዋርካው ተመታ። ጥቃቱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። የእኛ ሰዎች ኮረብታውን አልለቀቁም። አንድ ሰዓት ላይ ቁስለኛ መውረድ ጀመረ። ጂፗ ያኔ በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ሁለቱም የፊት ጎማዎቿ ከጎኔ ተጋድመዋል። የፊቷን ዕቃ ግማሹን በጨርቅ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ሁሉም ደህና ዕቃ ነው። ያ ነው የሚያናድደው። የተበላሸ ነገር ባገኝ እንዴት በተደሰትሁ!

አራት ሰዎችን በትከሻ አወረዱ። በጂፕ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ በትከሻ ሁለት ሰዓት ይሆናል። በእኔ አጠገብ ነው የሚያልፉት። አንደኛው ቁስለኛ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞረና አንድ ነገር ጠየቀኝ። መለስሁለት። አለፉ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ዳቦ የጫነ መኪና ከኮምቦልቻ መጣ። ከላዩ ሰይድ ወረደ። ሰይድ በወጣትነታችን በአንድ ክፍል አብረን ያገለገልን መድፈኛ ነው። ጆሮውን መድፉ ወስዶበታል። ከጦሩ ከወጣ በኋላ ፋብሪካ ገብቶ ዕድሜውን ሁሉ ማሽን ሲጠግን ኖረ። አይሰማም፤ ማሽኑን የሚያውቀው መዳፉን ለጥፎ ነው። ሰው የሚሰማው ስለማይመስለው ሲናገር ይጮሃል።

«ይመር! ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረ?»

በእጄ ጂፗን አሳየሁት፣ ጡጫዬን በጡጫዬ መታሁ፣ መሪ የማዞር ምልክት ሠራሁ። ገባው።

«ታዲያ ለምን ሰቀልሃት?» ብሎ ጮኸ። ምሽግ ያሉት ሁሉ ዞሩ። «ተሰቅላ የምትናገር መኪና የለችም። ጎማዋን መልስ፣ ከነክብደቷ አቁማት!»

ላስረዳው ሞከርሁ። «አትድከም፣ አልሰማህም» አለኝ። እንድሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቀ።

ዕቃዋን መለስን። ጎማዋን አስረን መሬት አወረድናት። አራት ሰው የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጥን። እንድሪስ ጋቢና ገብቶ መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ያዞራል። ሰይድ በጀርባው ተንሸራትቶ ገባ፤ እኔም አጠገቡ። መዳፉን ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው እያዛወረ ሄደ። ዓይኑን ጨፍኗል። የመሪው ሳጥን የመኪናዋ አጽም ከሆነው ሻንሲ ጋር የሚታሰርበት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እጄን ያዘና እዚያው ላይ አሳረፈው።

ብረቱ ተላቀቀ፤ ተመልሶ ገጠመ። ከፀጉር አይበልጥም። «ቋ» የሚለው በመዳፌ ውስጥ ገባ።

ግራሶውን ጠረግነው። ስንጥቁ በአንድ የብየዳ ጠርዝ ላይ ይሄዳል። በክሪክ ስትነሳ ክብደቱ ይለቀዋል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ምንም አይታይም።

«ይህን ማን በየደው?» አለ ሰይድ፣ በዚያ ድምፁ።

«እኔ» አልሁ። አልሰማም። ደረቴን ነካሁ።

ከዘመቻው ሁለት ወር በፊት ጂፗ ኮምቦልቻ ጋራዤ መጥታ ነበር። ያን ብረት ለጥፌ የበየድሁት፣ ጥቁር ቀለም የቀባሁትም እኔ ነኝ። አምስት ጊዜ ከሥሯ ስገባ አምስቱንም ጊዜ እዚያ ላይ ደርሻለሁ። የሌላውን ሰው እጅ ሥራ ሁሉ በመዶሻ ነካሁ። ያንን በጨርቅ ጠርጌ አልፌዋለሁ።

ሰይድ አየኝ። «አብሽር፣ አይዞህ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ በፊት ዝቅ ማድረግ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከሐርቡ የብየዳ ማሽንና ጄኔሬተር አስመጣን። ስንጥቁን በየድን፤ ከሁለት ወገን ሰፊ ብረት ደረብንበት። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እንድሪስ አስነሳት። ጆሮዬን አቅንቼ ኮረብታው እስኪሰውራት ቆምሁ። ምንም። እስከ ማታ ሰባት ቁስለኛ አወረደች፤ ሰባቱም ኮምቦልቻ በሕይወት ደረሱ።

ኮረብታውን ስድስት ቀን ያዝነው። ስንለቅ ሙታኖቻችንን ቆጠርን፤ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ከአሥራ ዘጠኙ ሁለቱ በዚያ ጠዋት በትከሻ ከወረዱት አራቱ ውስጥ ናቸው። ሻምበሉ ትካዜዬን አይቶ «መኪናዋን ባያቆሟት ገደል ገብታ ቁጥሩ ይበዛ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ማቆሜ ልክ ነበር። በጂፕ ቢወርዱ ይተርፉ ነበር ወይ? ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ አይታወቅም አለኝ። እኔም ዛሬ ድረስ አላውቅም።

ሰይድ አምና አረፈ፤ ቅሬው፣ እድራችን፣ ወጥቶ ቀበርነው። እንድሪስ ደሴ ከፒያሳ ገራዶ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሲያየኝ ጥሩምባውን እየነፋ «ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» ይለኛል። የእኔም ጋራዥ አለ። ፊቷ የሚያንኳኳ መኪና ስትመጣልኝ በክሪክ አላነሳትም። ሰው ጭኜ፣ መሪዋን አስዙሬ፣ መዳፌን መጀመሪያ የማሳርፈው ራሴ የበየድሁት ካለ እሱ ላይ ነው።

ያ ቃሬዛ ላይ የነበረው ሰው ከሞቱት ሁለቱ አንዱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ የጠየቀኝ፣ «መኪናዋ መጣች?» ብሎ ነበር።

ጎማዎቿ ከጎኔ ተጋድመው ነበር። «መጥታለች» አልሁት።