የመስቀሉ ፊልም

ልጅ እያለሁ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ በነበረው ቤታችን ውስጥ ከእኔ ይበልጥ የሚታዘንላቸው አሮጌ ካሜራዎች ነበሩ። አባቴ የውኃ መሥመር ሠራተኛ ነበር፤ ልቡ ግን ካሜራ ላይ ነበር። ዘመኑ ያለፈበት፣ መዝጊያው የላላ፣ ባለቤቱ የሰለቸው ካሜራ አለ ከተባለ ጫሞ ሐይቅ ዳር ድረስም ቢሆን በእግሩ ይሄዳል። የቆላው ወበቅ ሌንሳቸውን እንዳያሻግተው ሩዝ በጨርቅ ቋጥሮ ሻንጣው ውስጥ አጠገባቸው ያስቀምጥላቸዋል። እማዬ «እኛ ሩዝ የምንቀምሰው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ተኝተውበት ይከርማሉ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከሁሉም የሚወደው በደርግ ጊዜ የገባ ከባድ የሩሲያ ካሜራ ነበር። የቆዳ ማኅደሩ ላብና የጫማ ቀለም ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ ዓይኔ ይሞላል። በእሱ ፎቶ መነሣት ታዲያ ቀልድ አልነበረም። ፊልም በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳይነሣበት አይታጠብም፤ ሳይታጠብ ብርሃን ካየ ደግሞ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። በመስቀል የተጀመረ ፊልም ገና ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ወዳለው ፎቶ ቤት ይወርድና መጠበቅ ነው። የሠፈር ልጆች «አንሣን» ብለው ሲያስቸግሩት ባዶ ካሜራ አንሥቶ ቀጭ ያደርግላቸዋል፤ እነሱም ተነሣን ብለው እየዘለሉ ይሄዳሉ። ፊልም ያለበትንና የሌለበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የካሜራውን ቆጣሪ ማየት የእኔ ሥራ ነበርና በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

እማዬ ፎቶ አትነሣም ነበር። ቀጭን ስለነበረች «ትንሽ ሥጋ ልልበስና ታነሣኛለህ» ትለዋለች። አልበማችን ውስጥ እሷን የፈለገ ሰው ክርኗን፣ የቀሚሷን ጫፍ፣ ሌንሱን ልትከልል የዘረጋችውን መዳፍ ያገኛል። ፊቷን አያገኝም።

በሚሊኒየሙ መስቀል ግን ነገሩ ተለወጠ። በዓሉን ያሳለፍነው ጨንቻ፣ እናቴ አገር ነው። ጭጋጉ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሣ ሰዉ በጋሞኛ የመስቀል ሰላምታ «ዮ ማስቃላ» እየተባባለ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ቅቤውና ሥጋው አያልቅም። እማዬ እውነትም ጉንጯ ሞላ ብሎ ነበር። ታላቅ እህቷ አክስቴ ዘነበች ፀጉሯን ሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ እጇን ይዛ በጓሮ በር አወጣቻትና ሳር ላይ አስቀመጠቻት። አባቴ አነሣት። ብቻዋን፣ ከእኔ ጋር፣ ከዚያም አክስቴ አንገቷን አቅፋት። እማዬ መጀመሪያ ኮስተር ብላ ነበር፤ በኋላ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ከአባቴ ትከሻ ሥር ሆኜ ቆጣሪው ሲዘል አየሁ። ቀሪው ለገና ይሁን ተባለና ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ቆየ።

ገናን አላየችም። ኅዳር ላይ ወባ ያዛት። ወባ ለእኛ ከተማ እንግዳ ስላልሆነች ታማ ትነሣለች ብለን ነበር።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። ዘመድ እየተቀባበለ ያነሣዋል፤ እሱን እያዩ ይለቀሳል። ፎቶ የሌለው ለቅሶ ሰው የጎደለበት ያህል ነው። የቀብሯ ዕለት ጠዋት አክስቴ ዘነበች ከጨንቻ ዘመዶቿ ጋር በአይሱዙ ተጭና ደረሰች። ሰውን ሁሉ ሰላም ሳትል ፎቶ ጠየቀች። የቀበሌ መታወቂያ ሰጧት፤ ማኅተሙ የእማዬን ፊት ግማሹን በልቶታል። ጎረቤቶች የመስቀሉ ፎቶ ገና ከካሜራው አልወጣም አሏት። አባቴ ለመቃብሩ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር።

አክስቴ ካሜራውን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ሚስማር አወረደችና ግቢ ይዛው ወጣች። «እህቴ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አለች ጋሞኛዋ ባልለቀቃት አማርኛ፤ «ላውጣው። ሰው ይየው።» ነካካችው፤ ጀርባው ተከፈተ። እኔ እልፍኝ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ምን እንደሆነ ሲገባኝ ሁሉም አልቋል። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ስባ አወጣችው። እንደ ጥለት ዘርግታ ወደ ፀሐይ እያዞረች የእህቷን ፊት ፈለገች። ሴቶቹም ከበው አብረዋት ፈለጉ። ቡናማ ነው፤ ምንም የለበትም።

አባቴ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ግቢው በር ላይ ቆመ፤ ፊቱ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ ቀረብ አለና ፊልሙን ከእጇ በቀስታ ተቀብሎ በጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ይኼ አዲስ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ነው ያስገባሁት» አላት። «ያኔ ካሜራው ባዶ ነበር። እንደ ልጆቹ ነው ያታለልኳችሁ።»

ቀና ሲል ዓይናችን ተገጣጠመ። ቆጣሪው ሲዘል ማየቴን ያውቃል።

አክስቴ ከዚያ በኋላ አልተወችውም። አርባው ላይ፣ ሙት ዓመቷ ላይ፣ መስቀል በመጣ ቁጥር ታነሣበታለች፤ ያን ያህል ካሜራ ሰብስቦ የገዛ ሚስቱን አንድ ቀን ያላነሣ፣ ለብሳ ተሠርታ ስትቀርብለት በባዶ የቀለደባት ባል። ሰዉም ይሰማና አባቴን በጎን ያየዋል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሆድ ይፍጀው ይላል። ፊልሙን ግን ፎቶ ቤት ወስዶ አሳጥቦት ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆኖ ወጣ።

ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ አንድ ቀን ተናደድኩና ለምን እውነቱን አትነግራትም አልኩት። ሌንስ እየወለወለ ነበር። «እኔ ሚስቴን ነው ያጣሁት። እሷ እህቷን አጥታ፣ ፎቶዋንም በገዛ እጄ አጠፋሁት እያለች ትኑር? ተዪ ልጄ፣ እኔን ትስደብ» አለኝ።

አባቴም አለፈ። ካሜራዎቹ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ሩዛቸውን እቀይራለሁ፣ ፊልም ሲገኝ አነሣለሁ፤ ጓደኞቼ በስልክ ዘመን ምን ጣጣ ነው ይሉኛል። ስልኬም ሞልቷል፤ የበላሁትን ምሳ ሳይቀር አንሥቻለሁ። ዛሬ ስልክ ሲጠፋ እንኳ ፎቶው ከሆነ ቦታ ይመለሳል። የእናቴን ሳቅ ግን ከየትም አላመጣውም። ቅንድቧ እንዴት እንደነበረ ከጠፋብኝ ቆየ፤ ይኼን ስጽፍ ያመኛል።

በአባቴ ለቅሶ ላይ ከፍ ተደርጎ የተያዘው በሩሲያው ካሜራ እኔ ያነሣሁት ፎቶ ነበር። ይዛው የዋለችው አክስቴ ዘነበች ናት። ማታ ሰው ሲቀንስ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አርጅታለች፤ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው።

«አባትሽ ደግ ሰው ነበረ» አለችኝ። «ያችን አንዷን ነገር ብቻ ይዤበት ኖርኩ። ዛሬ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ነፍሱ ትረፍ።»

እውነቱን ልነግራት ፈልጌ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ አክስቴ» አልኳት በአባቴ ፈንታ።