ጋዜጣው የገደለው አጎቴ

ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ መደርደር ነው። የምናትመው ጋዜጣ ከሐማሴን መጥተው በጣሊያን ጦር ውስጥ ለሚያገለግሉ ወታደሮች ሲሆን፣ ግማሹ በትግርኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይጻፋል። ሥራው ሸጋ ነበር፤ ቃሉ መስመር ይዞ ሲቆም ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ወታደሮቹ ከቤታቸው የራቁ ናቸውና በራፋችን ላይ ቆመው የሚጠይቁን ስለ አገራቸው ነው። ዝናብ ጥሏል ወይ? አዝመራው እንዴት ሆነ? ይህ ግን አይጻፍም። እያንዳንዱን ዓምድ የሚመረምር አንድ ጣሊያናዊ የፖለቲካ ሹም ነበር። አስተርጓሚው እየተረጎመ ያነብለታል፣ እሱ በቀይ እርሳስ ይሰርዛል። ዝናብ ጠፋ ከተባለ ወታደሩ ይከፋዋል፣ ዘነበ ከተባለም እርሻው ይናፍቀዋል ብሎ ሁለቱንም ከለከለ። "አርበኛ" የሚለው ቃልማ አይታሰብም፤ ሽፍታ ነው የሚባለው።

የእናቴ ወንድም ከነዚያ "ሽፍቶች" አንዱ ነበር። ኮሶዬ ላይ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነበር፤ ጣሊያን ሲመጣ ዱር ቤቴ ብሎ ወጣ፣ ሰውም ተከተለው።

አንድ ቀን ጠዋት ሹሙ የላከውን ጽሑፍ ስለቅም የአጎቴ ስም መጣ። በኮሶዬ በኩል የነበረው ሽፍታ ተደመሰሰ፣ አለቃውም ተገደለ ይላል። እጄ ቆመ። አስተርጓሚው አጠገቤ ነበር፤ ሽማግሌ የሐማሴን ሰው ነው። ሲያየኝ ገባው። ቀስ ብሎ፣ "ከዚያ በኩል መልእክተኛም ቁስለኛም አልመጣ። ወሬው የተጻፈው እዚሁ ቢሮ ነው" አለኝ።

ግማሽ ልቤ አመነው። ፊደሉን ደርድሬ ጨረስሁ፤ ጋዜጣው ታትሞ ከወጣ በኋላ ወደ ቤት ሄድሁ። እናቴ ወሬውን ገበያ ላይ ቀድማኝ ሰምታለች። ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም፤ ጎረቤት ሊያስተዛዝን ቢመጣ ከደጅ መለሰችው።

"መርዶ ዘመድ ነው የሚያረዳ" አለችኝ። "ወረቀት አያረዳኝም።"

በሚቀጥለው ገበያ ከኮሶዬ ገብስ ይዛ የወረደች ሴት እቤታችን ገባች። የአጎቴ ሚስት እህት ናት። አጎቴ ደህና መሆኑን፣ በዚያ ሰሞን ጥይት እንኳ እንዳልተተኮሰ ነገረችን። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ "የሞትሁበትን ወረቀት ላክልኝ ብሎሃል" አለች። እኔም በማግስቱ ቀለም የፈሰሰበት አንድ የጋዜጣ ቅጠል አምጥቼ ጨው ጠቀለልሁበትና ሰጠኋት።

አጎቴ ክረምት ሲገባ እንደገና ተገደለ። በዚያኛው ጊዜ እያፏጨሁ ነው የደረደርሁት። አንድ ወታደር ጋዜጣውን በራፉ ላይ ሲያነብ ስሙን አስታወሰውና፣ "ምነው፣ ይህ ሰውዬ ስንት ነፍስ አለው?" ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው የተጻፈውን ነው የማነበው ብሎ በጋቢው አፉን ሸፈነ። ከዚያ ወዲያ ወታደሮቹ ጋዜጣውን የሚፈልጉት ሲጋራ ለመጠቅለል ሆነ። ሹሙ እነሱ ሲሻሙበት እያየ ደስ ይለው ነበር።

ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ አጎቴ በበቅሎ ወረደ። ከስቶ፣ ፀጉሩ አድጎ ነበር። እናቴ እግሩን አጠበችው። እራት ከበላን በኋላ ከኮቱ ውስጥ ያን ቅጠል አውጥቶ፣ ማንበብ አይችልምና፣ አንብብልኝ አለኝ። እንዴት እንደተከበበ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ አንድ ቃል ብቻ ዘልዬ አነበብሁለት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"በጀግንነት ነው የሞትሁት?" አለኝ።

"አይ አያ፣ ሲሸሹ ነው የሚለው።"

"ይህንስ አልወደድሁትም" አለና ጠላውን አነሳ። እናቴ ሟርት በቤቴ አይነበብም ብላ ወረቀቱን ነጥቃ እሳት ውስጥ ጣለችው፤ እሱም እየሳቀ ተዋት።