ቅጭልና ድም
ትናንት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለ ካፌ፣ ከባንኮኒው ላይ ማንኪያ ወደቀና ቅጭል አለ። አስተናጋጁ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምን አጠፋህ አልኩት። እኔ ግን ማኪያቶዬን ትቼ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

አባቴ እዚሁ ሰፈር አንጥረኛ ነበር፤ ሱቁ ከሰልና የጋለ ብረት የሚሸት አንዲት ጠባብ ክፍል። ሰው አሮጌ የብር ጌጥ ሲያመጣለት ድንጋይ ላይ ጣል ያደርገዋል። ንጹሕ ብር ቅጭል ይላል፤ እርሳስ የገባበት ድም። ታዲያ መዶሻው ጆሮውን ቀስ በቀስ በልቶት ነበር፤ ከእናቴና ከእኔ በቀር ይህን ማንም አያውቅም። ደንበኛ ቢሰማ ማን ጌጡን ያምነዋል? ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ጌጡን ጣል ያደርግና ከንፈሬን ያያል። እኔም ድምፅ ሳላወጣ "ቅጭል" ወይም "ድም" እላለሁ። ጠዋት የመጣውን ደንበኛ ከሰዓት ተመለስ ይለው ነበር።

አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን የቃላትን አመጣጥ ጽፋችሁ ኑ አለን። እኔም ማንኳኳት ከኳ ኳ፣ ፏፏቴ ከፏ፣ ጠብታ ከጠብ መጣ ብዬ ጻፍኩ። ቅጭልንና ድምን ከሁሉም በላይ አስቀመጥኳቸው። መምህሩ ሁለቱን በቀይ ከበባቸው።

"እነዚህ ጫጫታ እንጂ ቃል አይደሉም። ራስሽ ሰርዢያቸው።"

"አልሰርዝም።"

"ለምን?"

ምክንያቱን ብናገር የአባቴ ምሥጢር ሊወጣ ነው። ወላጅ ሳታመጪ ክፍል አትገቢም ተባልኩ። አይ ግትርነቴ! ዛሬም ቢሆን አልሰርዛቸውም።

በማግስቱ አባቴ ሽርጡን እንዳሸረጠ መምህራን ክፍል መጣ። መምህሩ ስለ ድርቅናዬ ብዙ አወራ፤ አባቴ አንዱንም አልሰማም። ደብተሬን አንስቶ አነበበ። ሁለቱ ቃላት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እንዳትናገር ብዬ በዓይኔ ለመንኩት።

"መምህር፣ የሚሉኝ አይሰማኝም" አለ፤ መምህራኑ ሁሉ እየሰሙ፣ ጮክ ብሎ። "ደንቁሬያለሁ። ብር ከእርሳስ የምለየው በዚህች ልጅ አፍ ነው። ቤተሰብ በልቶ ያደረበትን ቃል እንዴት ሰርዢ ይሏታል?"

መምህሩ በይ ግቢ አለኝ። እኔም ክፍል ገባሁ።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ፒያሳ ደረሰ። ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሸ። በዓመቱ አባቴ መዶሻውን ሸጠ። የዚያን ዕለት "አባዬ፣ ምነው ዝም ብትል ኖሮ!" ብዬ አለቀስኩ።

ከንፈሬን አይቶ ተቆጣ።

"አንቺ የእኔን ምሥጢር ደብቀሽ ከትምህርት ልትቀሪ? ሞቼ ነው ቆሜ!"