ጋሽ ተፈራ የጨረሱት ሥዕል

እናቴ እዚህ ውጭ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማዋ ሳሎን ውስጥ እስከ ዛሬ የሰቀለችው ሥዕል አለ። እንግዳ በገባ ቁጥር "ልጄ በልጅነቷ የሣለችው ነው" ትላለች። ያኔ ደሜ ይፈላል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ልጅ እያለሁ፣ ከትምህርት ቤት ሙዚየም ወሰዱን። አንድ የቆየ ሥዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ። መልክዓ ምድር ነው ተብሏል፤ ግን ኮረብታው ኮረብታ ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል። ጠጋ ስል ቀለም ብቻ፣ ራቅ ስል ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ። ልጆቹ ሲስቁበት እኔ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን የምትወዱትን ቦታ ሣሉ ተባልን። በረንዳችን ላይ ተቀምጬ ከሥር ያለውን የዶን ሸለቆ ሣልኩ። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ነበር፤ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ዛፍ አልሣልኩም። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ዛፍ የለም፤ ቀይ በቢጫ ላይ ይደፋል እንጂ። ከኢትዮጵያ የወጣሁት ታቅፌ ነው፤ የማውቀው አገር ያ ሸለቆ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ተፈራ ምሳ ሊበሉ መጡ። አገር ቤት ለቤተ ክርስቲያን ቅዱሳንን ይሥሉ ነበር። ታች ስጫወት ቆይቼ ስመለስ ሸለቆዬ መሐል ጎጆ ተሠርቷል፤ ዋርካና ጥንድ በሬም አለ። በራሴ ብሩሽ!

"ጅምር ሆኖ አየሁትና ጨረስኩልሽ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ ደስ ብሏቸው።

"ፊኒሽ አድርጌው ነበር!" ብዬ ጮህኩ።

እናቴ አፈጠጠችብኝ። "ጋሼን ነው እንዲህ የምትናገሪያቸው? ተነሺ፣ ጉልበታቸውን ሳሚ!"

እንባዬን እየዋጥኩ ሳምኩ። አባቴ ሥዕሉን አንስቶ "አሁን አገር መሰለ" አለ።

በማግስቱ አስተማሪዬ "ብዩቲፉል! አገርሽ ነው አይደል?" ብላ ኮሪደር ላይ ሰቀለችው፤ ከሥሩም "ኢትዮጵያ" ብላ ጻፈች። በኮሪደሩ መስኮት ያው ሸለቆ ይታይ ነበር። ዞር ብሎ ያየ ሰው ግን የለም።

ጋሽ ተፈራ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ክፋት አልነበራቸውም። እኔም እናት ሆኛለሁ፣ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም።

ባለፈው ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። ሥዕሉን አየችና "ማሚ፣ ኢትዮጵያ ነው?" አለችኝ። እናቴ ሳትቀድመኝ የልጄን እጅ ይዤ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ሸለቆው ቀልቷል።

"ይሄ ነው" አልኳት።

ቁልቁል ስታየው ቆይታ ተመልሳ ገባች። ወንበር ላይ ወጥታ ጎጆዋንና በሬዎቹን በሁለት መዳፏ ሸፈነቻቸው።

"ኧረ ውረጂ!" ብላ ጮኸች እናቴ። "የእናትሽን ሥዕል እንዳታበላሺባት!"